ስልኩ ሲደወል እማማ ማንን ይመኑ?

ከስድስት ኪሎ ተነስቶ ሽሮ ሜዳን አቋርጦ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ዳገት ጤነኛውንም ቁና ቁና ያስተነፍሳል። በዚህ ዳገት የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በወገባቸው አስረው ሲወርዱ ልጅ ያሳደጉ እናቶች አሉ። ዛሬ አርጅተዋል። ወገባቸው ጎብጧል፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ደም ግፊትና ስኳር የያዛቸውም ጥቂት አይደሉም። የወር ደመወዝ ተቀብለው ስለማያውቁ የጡረታ አበል የላቸውም። ከእነዚህ መካከል በማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለታቀፉት፣ ያች የአባልነት ደብተር ከኪሳቸው ሳይከፍሉ ጤና ጣቢያ የምታስገባቸው አንዲት መተማመኛ ናት። እንግዲህ አንድ ቀን ስልካቸው ቢጮህና የማያውቁት ሰው “መድንዎ ሊሰረዝ ነው” ቢላቸው፣ ቢደነግጡ ማን ይፈርድባቸዋል?

በስልክ የሚያጭበረብሩ ሰዎች አካሄድ በከተማችን የታወቀ ነው። ድምፁ የወጣት ነው፤ ትሁት ነው። “እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምደውለው” ብሎ ይጀምራል። አንድ ቀን ከኢትዮ ቴሌኮም ነኝ ይላል፣ ሌላ ቀን ከባንክ፣ ሌላ ቀን ሽልማት ደርሶዎታል ይላል፤ አንዳንዱም በስህተት ብር ልኬብዎታለሁና ይመልሱልኝ ብሎ ይለማመጣል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሰው ገንዘብ በእጅ ስልኩ ውስጥ ገብቷል። የሚያጭበረብረውም ቤት መስበር አላስፈለገውም፤ በአጭር መልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ወይም የሚስጥር ቁጥሩን ማስነገር ብቻ ይበቃዋል። “አሁኑኑ”፣ “መስመሩን እንዳይዘጉ”፣ “ለማንም እንዳይናገሩ” የሚሉት ቃላት ከአፉ አይጠፉም። ዋና መሣሪያው ችኮላ ነው።

የጤና መድን ስም ደግሞ ለእንዲህ ያለው ጥሪ እጅግ የተመቸ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። አዲስ አበባ የደረሰው ከዓመታት በኋላ ነው። አባልነቱ በቤተሰብ ነው። መዋጮው በዓመት አንዴ ይከፈላል፣ አባልነቱም በየዓመቱ ይታደሳል፤ መክፈል ለማይችሉ ደሀ ቤተሰቦች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። የታመመ ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከአቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ተጽፎለት ከመድኑ ጋር ውል ወዳለው ሆስፒታል ይላካል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም።

ይህ ሥርዓት በብዙ ቤት ሰውን ከዕዳ አድኗል፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ነገር ግን ለአጭበርባሪ የሚመቹ በሮች አሉት። እድሳቱ የጊዜ ገደብ ስላለው “ዛሬ ካልከፈሉ” የሚለው ማስፈራሪያ እውነት ይመስላል። ማን በነጻ ይታከማል፣ ማን ይከፍላል የሚለው ውሳኔ በወረዳ ደረጃ ስለሚያልፍ “ስምዎን በነጻው ዝርዝር ላስገባልዎት፣ ትንሽ ነገር ብቻ” ብሎ በር ለሚያንኳኳ ሰው ወሬው የተዘጋጀለት ነው። መድኃኒት ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ ደግሞ አረጋውያኑ ወረቀታቸውን ይዘው ደጅ ይወጣሉ። የቱ መድኃኒት ቤት ውል እንዳለው፣ የቱ እንደሌለው በግልጽ ካልተነገራቸው፣ መክፈል የሌለባቸውን ቢከፍሉም አያውቁም።

የጡረታ አበል ያላቸውም ከዚህ ማታለል አላመለጡም። በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው ማህበራዊ ጤና መድን ሠራተኛውንና አሠሪውን ሦስት ሦስት በመቶ እንዲያዋጡ አድርጎ የታሰበ ሲሆን ጡረተኛውንም ይጨምራል። አዋጁ ወጣ፣ ኤጀንሲ ተቋቋመ፣ መዋጮው ሊጀመር ነው ተባለ፤ ተራዘመ፤ እንደገና ሊጀመር ነው ተባለ፤ እንደገና ተራዘመ። ከአሥር ዓመት በላይ “መጣ” እየተባለ የዘገየ ነገር ወሬውን ለሚሸጥ ሰው ሜዳውን ይለቅለታል። የጡረታ አበሉን ለመቀበል ባንክ ደጅ የተሰለፈ አባት “ለአዲሱ መድን ይመዝገቡ” ቢባል፣ ስለዚሁ ጉዳይ በሬዲዮ ሰምቶ ያውቃልና ለምን ይጠራጠራል? መንግሥት ቃሉን በዘገየ ቁጥር ለሐሰተኛው ቦታ እያሰፋ መሆኑን ማሰብ ነበረበት።

ሰው ማንን ያምናል የሚለውን ጉዳይ እንጦጦ ማርያም ከማንም በላይ የምታውቅ ደብር ናት።  በእኛ ዘመን ስሟ በይበልጥ የተጠራው በጸበሏ ነው። ኤችአይቪ ቤቱን ሁሉ ባንኳኳበት ወቅት ሕሙማን ከየክፍለ ሀገሩ እየመጡ በተራራው ላይ ጎጆ ቀልሰው፣ ቤት ተከራይተው ይጠመቁ ነበር። በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር አስጨናቂው ጥያቄ መጣ። መድኃኒት የሚውጥ ሰው እምነቱ ጎድሏል የሚል ቃል በአካባቢው ይነገር ስለነበር፣ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ነበሩ። የጤና ባለሙያ ቃል ብቻውን አላሳመናቸውም። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። ይህ ቃል ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሊሰጠው የማይችለውን ክብደት ይዞ ነበር የመጣው፤ የተናገረው አካል ሕሙማኑ ራሳቸው የሚያምኑት ነበርና።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አሳብ አንድ ነው። አረጋውያን የሚታለሉት ስለማያውቁ ነው የሚለው አባባል ያሳዝነኛል፤ ትክክልም አይመስለኝም። በክፉም በደግም ዘመን ቤት ያቆሙ ሰዎች ናቸው። የሚታለሉት ሰውን አክብረው የሚያናግሩ፣ “ልጄ” ብለው የሚመልሱ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ያለውን የማያሳፍሩ በመሆናቸው ነው። አጭበርባሪው የሚሰርቀው ይህን ጨዋነታቸውን ነው። ስለዚህ በመንገድ ዳር የተሰቀለ ማስታወቂያ፣ በቴሌግራም የሚለቀቅ ማሳሰቢያ ብቻውን አይበቃቸውም። ማስጠንቀቂያው ከሚያምኑት አንደበት መምጣት አለበት።

በሕግ በኩል ድንጋጌ አልጠፋም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ሰውን በሐሰት ነገር፣ ማንነትን በመደበቅ ወይም የሌላውን የተሳሳተ እምነት በመጠቀም ገንዘቡን የሚያሳጣን ሰው እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። በኮምፒውተር ለሚፈጸመውም አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። ችግሩ ከሕጉ በፊት ነው፤ የተታለለች እናት ወደ ፖሊስ አትሄድም። ልጆቿ “እንዴት ትሰጫለሽ?” ብለው ይቆጧታል ብላ ትፈራለች፤ ስልኩን ይነጥቋት ይሆናል፣ ገንዘቧን እንዳታስተዳድር ያደርጓት ይሆናል። ዝም ትላለች። ዝምታዋ ደግሞ ለቀጣይዋ እናት የሚደወለውን ስልክ ያመቻቻል። ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ እናታችሁ “ቁጥሩን ነገርኩት” ስትላችሁ መጀመሪያ አትቆጡ። ወዲያው ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ደውላችሁ ሂሳቡን አሳግዱ፤ የንግድ ባንክ 951፣ የቴሌብር 127 ነው። ተግሣጹ ይቆይ።

ልጆቻቸው ወደ አሜሪካ ወስደው የሚጦሯቸው ወላጆችም ይህ ነገር ተከትሏቸዋል። በዚያ አገር 65 ዓመት የሞላቸውን ሰዎች የሕክምና ወጪ የሚሸፍነው መድን ሜዲኬር ነው። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር 24 ሰዎችን በአንድ ትልቅ ማጭበርበር ከሰሰ። አረጋውያኑ በስልክ “የወገብና የጉልበት መደገፊያ በነጻ እንልክልዎታለን” ይባላሉ፤ የሜዲኬር ቁጥራቸውን ይሰጣሉ፤ አይተዋቸው የማያውቁ ሐኪሞች ይፈርማሉ፤ ሂሳቡ ለሜዲኬር ይላካል። በማጭበርበሩ የደረሰው ኪሳራ ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገመተ። እንግሊዝኛ ለማይችሉ አያት እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ የሚተረጉምላቸው ልጅ ሥራ ላይ ነው። ከዚያው አገር ግን የምንቀዳው ደግ ነገርም አለ። ሲኒየር ሜዲኬር ፓትሮል በሚባለው መርሐ ግብር ጡረታ የወጡ በጎ ፈቃደኞች ራሳቸው እኩዮቻቸውን ያስተምራሉ። የሕክምና ሂሳብ መግለጫቸውን ቁጭ ብለው አብረው ያነባሉ፤ ያልተደረገ ሕክምና ተጽፎ ሲያገኙ ያሳውቃሉ። አረጋዊ ለአረጋዊ ሲነግር ሐፍረቱ ይቀንሳል።

እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው ድርጅት አዲስ መፈጠር የለበትም፤ እድር አለን። የጤና መድኑ አሳብ ራሱ ጥቂት ጥቂት አዋጥቶ የተቸገረውን መደገፍ ነው፤ የእንጦጦ ግርጌ እናቶች ይህን ከማንም ሳይማሩ ኖረውበታል። የእድር ዳኛው ሲናገር ይሰማል፤ ጸሐፊው ደረሰኝ ማንበብ ያውቃል። በወሩ ስብሰባ ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል ስለ መድን ቢነገር፣ ከቅዳሴ በኋላ አባቶች ሁለት ቃል ቢጨምሩ፣ በየቤቱ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደብተሩን አይታ ብታልፍ፣ ነገሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚነገረውም አጭር ነው። በስልክ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማያውቁት ደዋይ ይቅርና ለወለዱት ልጅም ቢሆን አይነገርም። መዋጮ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አይከፈልም። ደብተር ለጎረቤትም ቢሆን አይታዋስም፤ በስምዎ ሌላ ሰው ከታከመ የሕክምና ታሪክዎ ይዛባል። ስኳርንና ደም ግፊትን ነቅሎ ያወጣል ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጥ ብልቃጥ ሲገጥም በ8482 ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማሳወቅ ይቻላል።

ወረዳዎቹ ደግሞ የራሳቸው ድርሻ አለባቸው፤ አረጋውያኑን ብቻ “ተጠንቀቁ” ማለት ሸክሙን በደካማው ላይ መጫን ነው። እንጦጦን የሚያቅፈው የጉለሌ ክፍለ ከተማ ወረዳዎች መዋጮ የሚሰበስበውን ሠራተኛ ስምና ፎቶ፣ የደረሰኙን ናሙና፣ የዓመቱን የመዋጮ መጠንና ውል ያላቸውን መድኃኒት ቤቶች ዝርዝር በትልቅ ፊደል አትመው በጤና ጣቢያው ግድግዳ፣ በእድር ቤቶችና በደብሩ መግቢያ ይለጥፉ። የሚቀጥለው እድሳት ከመድረሱ በፊት ይለጥፉት።