ተጨማሪ መረጃ፦ የጓሮ አፈር አሲድና ጨው ሲለካ

በአሰላና በጭላሎ ተራራ ዙሪያ ዝናብ ይበዛል። ዝናቡ ካልሲየምና ማግኒዥየምን አጥቦ ሲወስድ አፈሩ ቀስ በቀስ አሲዳማ ይሆናል። የአሲድነቱ ልኬት (ፒኤች) ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ የሚሟሟው አሉሚኒየም የገብሱን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፈረስም ስለሚታሰር ማዳበሪያ ቢጨመርም ተክሉ በቅጡ አያገኘውም። ገበሬውን የሚጎዳው ይሄ ነው፤ ገንዘቡንም ድካሙንም ያጣል።

አሲዳማነቱን ለመለካት ከጓሮው የተለያዩ ቦታዎች እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስዳችሁ ቀላቅሉ። አመድ ከሚደፋበት ቦታ ግን አትውሰዱ፤ አመድ አሲድን ስለሚያረክስ ውጤቱን ያዛባል። ናሙናውን ጥላ ሥር አድርቃችሁ ንፉት። 10 ግራሙን በ25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ በጥብጡ፤ ጥቂት ካቆያችሁት በኋላ የፒኤች መለኪያውን ንከሩበት።

ጨው የሚታወቀው ከአፈሩ የሚወጣው ፈሳሽ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት መጠን ነው። ውሃ ከጠገበ አፈር የወጣው ፈሳሽ በሜትር ከ4 ዴሲሲመንስ በላይ ካስተላለፈ አፈሩ ጨዋማ ይባላል። በአርሲ ደጋ ዝናቡ ጨውን ስለሚያጥብ ይህ እምብዛም አያሰጋም፤ ጨው የሚያስቸግረው እንደ መካከለኛው አዋሽ ባሉ ሞቃታማ የመስኖ ቦታዎች ነው።

አሲዳማ አፈር የሚታከመው በኖራ ነው። መጠኑን ሳታስመረምሩ በግምት አትበትኑ፤ ሲበዛም ይጎዳል።