ሥር የሰደደ ሕመም «ሐሳብሽ ነው» ተብሎ አይታለፍም

ወገቧን፣ አንገቷን ወይም ራሷን ለወራት የሚያማት ሴት ተመርምራና ራጅ ተነሥታ «ምንም አልተገኘብሽም» ስትባል፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ችግር ይጨመርባታል። ይኸውም ቤተሰብም ሆነ የሥራ ጓደኛ «ሐሳብ አብዝታ ነው»፣ ሲብስም «ሥራ ጠልታ ነው» ማለት መጀመሩ ነው። ውሎ ሲያድር እሷም ራሷን መጠራጠር ትጀምራለች።

ለመሆኑ በምርመራ ያልታየ ሕመም የለም ማለት ነውን? አይደለም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ትርጓሜ ሕመም የአካል ብቻ ሳይሆን የስሜትም ጉዳይ መሆኑን ገልጿል። በ2020 ትርጓሜውን ሲያሻሽልም፣ አንድ ሰው «ያመኛል» ሲል ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ አስገንዝቧል።

የስሜት ጉዳይ ነው ሲባል ግን ሕመሙ የፈጠራ ነው ማለት አይደለም። የጎረቤት ሕፃንና የራስ ሕፃን እኩል ጮኸው ሊያለቅሱ ይችላሉ። ጆሮ የሚሰማው ድምፅ አንድ ቢሆንም እናትን ከመቀመጫዋ የሚያስነሣት የራሷ ልጅ ለቅሶ ነው። ሕመምም እንዲሁ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው ምን ያህል ይበረታል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ምን ያህል ያስጨንቃል የሚለው ነው።

ይህን ልዩነት በካናዳ፣ ሞንትሪያል ከተማ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነ ሙከራ አሳይቷል። ከተመራማሪዎቹ አንዷ ካትሪን ቡሽኔል የተባሉ ሴት ሳይንቲስት ነበሩ። ፈቃደኛ ሰዎች እጃቸውን በሚያቃጥል ውኃ ውስጥ ነክረው፣ በሂፕኖሲስ አማካይነት የሚሰማቸው ጭንቀት ብቻ ከፍና ዝቅ እንዲል ተደረገ። አንጎላቸው በመሣሪያ ሲታይ፣ ከስሜት ጋር የተያያዘ አንድ ክፍል ከጭንቀቱ ጋር ሥራው ሲጨምርና ሲቀንስ፣ ሕመሙን በስሜት ሕዋስነት የሚቀበለው ክፍል ግን እንደዚያ አልተለዋወጠም።

በአሜሪካ፣ ቺካጎ የሚገኙ ተመራማሪዎች ደግሞ ወገባቸውን መታመም የጀመሩ ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2013 አውጥተዋል። ሕመሙ ባልለቀቃቸው ሰዎች ላይ፣ ከሕመሙ ጋር የተያያዘው የአንጎል እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ስሜትን ወደሚመለከቱ ክፍሎች ሄዶ ተገኝቷል።

ዛሬም በልዩ ልዩ አገሮች የዶክትሬት ዲግሪያቸውን የጨረሱ ተመራማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ለተወሰኑ ዓመታት እየተቀጠሩ ይህንኑ ያጠናሉ። ሕመምተኛውን ይጠይቃሉ፤ የአንጎሉን ሥዕል ያነሣሉ፤ ሁለቱን ያስተያያሉ። ሊመልሱት የሚጥሩት ጥያቄም ተመሳሳይ ጉዳት አንዱን ሲለቀው ሌላውን ለምን አሥሮ ያስቀረዋል የሚል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ፣ ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም የሚመላለስ ሕመምን ሥር የሰደደ ሕመም ብሎ መድቦታል። ከዚህም ውስጥ አንዳንዱ የሌላ በሽታ ምልክት ሳይሆን ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ ተመዝግቧል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሕመም ያለባት እናት ወይም ሠራተኛ ምን ታድርግ? ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ የሚያማትን ቦታ ብቻ ሳይሆን እንቅልፍ መንሣቱን፣ ሥራ ማስፈታቱን፣ ማስከፋቱን ጭምር ትንገር። ሐዘንና ጭንቀት ሕመምን ያብሳሉ፤ ሕመምም በተራው እነርሱን ያብሳል። ስለዚህ ሁለቱም አብረው መታከም አለባቸው። የማስታገሻ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ለተለመደው የወገብ ሕመም ተኝቶ ከመክረም ይልቅ እንደ አቅም መንቀሳቀስ ይሻላል። ይሁን እንጂ እግር ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም ትኩሳት ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ነገር ግን የሚናገር ብቻ ሳይሆን የሚያምንም ሰው ያስፈልጋል። ባል የውኃውን ጀሪካን ቢያነሣላት፣ ልጆች የቤቱን ሥራ ቢጋሯት፣ አለቃዋም «አሞኛል» ስትል ቢሰማት፣ ይህ ለሕመምተኛዋ ውለታ ሳይሆን የሕክምናዋ አንዱ ክፍል ነው።