ለውጭ ሰው የሚታዘዝ ተላላኪ

መሥሪያ ቤትዎ ፋየርዎል አለው እንበል። የደመወዝ ሰነዱና የደንበኞች መዝገቡ የሚከፈቱት ቢሮ ውስጥ ካለ ኮምፒውተር ብቻ ነው ተብለዋል። ታዲያ ሌላ አገር የተቀመጠ ሰው የይለፍ ቃል ሳይሰርቅ፣ ቫይረስም ሳይልክ ያንን ሁሉ ሊያይ የሚችለው እንዴት ነው? አንዱ መንገድ ፕሮክሲ የሚባለው ነው።

ፋየርዎል የግቢ ዘበኛ ነው፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚከለከል ይወስናል። ፕሮክሲ ደግሞ የቢሮ ተላላኪ ነው። ሠራተኛው አንድ ድረ ገጽ ሲፈልግ ፕሮክሲው ሄዶ ያመጣለታል። መሥሪያ ቤቶች የሚያቆሙት ማን ምን እንደከፈተ ለመመዝገብና የማይፈለገውን ገጽ ለመከልከል ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከየት ነው? ተላላኪው አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ነው። መታዘዝ ያለበት ለውስጥ ሰው ብቻ ነው። ያዋቀረው ባለሙያ ይህን ለይቶ ካልጻፈለት ግን አጥር ውጭ የቆመ ሰውም ይልከዋል፦ «ከመዝገብ ቤት ያንን ፋይል አምጣልኝ።» ይሄዳል። መዝገብ ቤቱም ፊት ለፊቱ የሚያየው የግቢውን ሰው ስለሆነ ይሰጠዋል። ከሁለቱ ጥፋቶች የሚከፋው፣ በእኔ እምነት፣ የመዝገብ ቤቱ ነው። ብዙ የውስጥ ሰርቨሮች ጥያቄው ከውስጥ አድራሻ ስለመጣ ብቻ ማንነት ሳይጠይቁ ያምናሉ።

እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የደረሰው ይኸው ነበር። አድሪያን ላሞ የተባለ ወጣት በስሕተት የተዋቀሩ 7 ፕሮክሲዎች አገኘና በእነሱ በኩል ወደ ጋዜጣው የውስጥ ኔትወርክ ዘለቀ። በጋዜጣው የአስተያየት ገጽ ላይ የጻፉ ከ3,000 በላይ ሰዎች መዝገብ ተከፈተለት። የአንዳንዶቹ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር፣ ማለትም አሜሪካኖች በሕይወት ዘመናቸው ሁሉ የሚለዩበት ቁጥር፣ እዚያው ነበር። የራሱንም ስም መዝገቡ ላይ ጨመረ። በ2004 ጥፋቱን አምኖ የ6 ወር የቤት ውስጥ እስርና ወደ 65,000 ዶላር ካሳ ተፈረደበት።

ሁለተኛ ዓይነት ተላላኪም አለ። ይኼኛው ከድረ ገጹ ፊት ቆሞ የደንበኞችን ጥያቄ ይቀበላል፤ ስለዚህ ከውጭ ሰው መቀበሉ ራሱ ስሕተት አይደለም። የሚሳሳተው ወዴት መሄድ እንደሚችል ሳይወሰንለት ሲቀር ነው። በ2019 የአሜሪካው ካፒታል ዋን ባንክ የገጠመው ይህ ነው። ባንኩ ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኪራይ ሰርቨሮች ላይ ይሠራ ነበር። ለድረ ገጹ ጥበቃ የቆመው፣ እንዲህ ያለ ተላላኪ ሆኖም የሚሠራው ፋየርዎል በትክክል ስላልተዋቀረ ከውጭ የመጣ ትእዛዝ 169.254.169.254 ወደሚባለው አድራሻ ላከው። ይህ አድራሻ የሚደረሰው ከሰርቨሩ ከራሱ ብቻ ነው፤ ከሥራዎቹም አንዱ ጊዜያዊ ቁልፍ ማደል ነው። ዘበኛው ቁልፉን አምጥቶ ለጠየቀው ሰው አስረከበ። ቁልፉ ደግሞ ለፋየርዎል ሥራ ከሚበቃው በላይ ብዙ መጋዘን ይከፍት ነበር።

በአሜሪካ ወደ 100 ሚሊዮን፣ በካናዳ ወደ 6 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተወሰደ። መረጃው የወጣው በመጋቢት ሲሆን ባንኩ ያወቀው በሐምሌ፣ ያውም አንድ የውጭ ሰው በኢሜይል ጠቁሞት ነው። በ2020 የ80 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጣለበት፤ ከዚያ ደንበኞቹ በመሠረቱት ክስ 190 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

«የእኛን ትንሽ ቢሮ ማን ያውቀዋል?» ይሉ ይሆናል። ማንም ማወቅ አያስፈልገውም። በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ዜድማፕ የተባለ ፕሮግራም፣ ፈጣን መስመር ካገኘ፣ 4 ቢሊዮን ያህል የኢንተርኔት አድራሻዎችን ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያንኳኳል። የእርስዎም በር አብሮ ይንኳኳል።

ማረጋገጥ ከባድ አይደለም፤ ግን በራስዎ መሥሪያ ቤት ላይ፣ ከኃላፊው ፈቃድ ጋር ብቻ ያድርጉት። ላፕቶፕዎን ከቢሮው ዋይፋይ አላቅቀው በስልክዎ ዳታ ያገናኙት። የፕሮክሲ ማስተካከያው ላይ የቢሮውን የውጭ አድራሻና የፖርት ቁጥር፣ ማለትም የበሩን ቁጥር ያስገቡ፤ 3128 እና 8080 የተለመዱ ናቸው። ከዚያ የውስጥ ገጽ ለመክፈት ይሞክሩ። ከተከፈተ ለማንም ክፍት ነው።

ማስተካከያው ስንት ያስወጣል? የሚገዛ ዕቃ የለም። ስኩዊድ በተባለው በነጻ በሚገኝ ፕሮክሲ ላይ ለምሳሌ፣ ከውስጥ አድራሻዎች በቀር ሁሉንም የሚከለክል ደንብ መኖሩን ማየትና «ሁሉም ይፈቀድ» የሚል መስመር ካለ ማጥፋት ነው፤ ለሚያውቅ ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጊዜ የሚበላው እያንዳንዱን የውስጥ ገጽ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ማድረጉ ነው። ሳምንታት ቢወስድም እንዳይተዉት፤ ተላላኪው ነገ በሌላ መንገድ ቢሳሳት የሚያድነው እሱ ነው።

ክፍት ሆኖ ካገኙት ደግሞ በሩን ወዲያው ይዝጉ፤ የፕሮክሲውን መዝገብ ግን አያጥፉት። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ገጽ እንዳስመጣ የተጻፈው እዚያ ነው። መረጃቸው ወጥቶ ከሆነ ለየትኞቹ ሰዎች መንገር እንዳለብዎት የሚያውቁት ከዚያ መዝገብ ነው።