አዲስ የክሪኬት ባት እንዴት ይገዛል? እንዴትስ ይሟሻል?



ክሪኬት በአገራችን ብዙም የማይታወቅ ጨዋታ ነው። ለእኛ የሚቀርበው ገና ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ዱላው ቆልማማ፣ ጥንጉም መሬት ለመሬት የሚሮጥ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ግን በእንግሊዞች ዘመንና ከሕንድ ክፍለ አህጉር በመጡ ቤተሰቦች አማካይነት ክሪኬት ሥር ሰዷል። የኬንያ ብሔራዊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1996 የዓለም ዋንጫ ዌስት ኢንዲስን አሸንፏል፤ በ2003 ደግሞ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። «ለስደተኛ ልጅ ይህ ምን ይረባዋል?» የሚል ወላጅ ካለ የአፍጋኒስታንን ቡድን ይመልከት። ቡድኑን የመሠረቱት በፓኪስታን፣ በፔሻዋር አካባቢ በስደተኞች ካምፕ ውስጥ ጨዋታውን የተማሩ ልጆች ናቸው። ፌዴሬሽናቸው በ1995 ተቋቁሞ፣ በ2015 በትልቁ የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳተፉ፤ በ2024 ደግሞ በአጭሩ ጨዋታ የዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ በቁ።

በእኛ በኩል ችግሩ የሚመጣው ለመምቻው፣ ማለትም ለባቱ፣ ገንዘብ ሲዋጣ ነው። በእጅ የተሠራ ጥሩ ባት ርካሽ አይደለም። ወላጅ ከጉድለቱ ላይ ቀንሶ ባዋጣው ገንዘብ የተገዛ ባት በመጀመሪያው ሳምንት ሲሰነጠቅ፣ ጥፋቱ የነጋዴው ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ግን ባቱ የተጎዳው ሳይሟሽ ሜዳ ስለ ወጣ ነው። እናቶች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። አዲስ ምጣድ ከገበያ በመጣበት ሰዓት እንጀራ አይጋገርበትም፤ ጎመን ዘር እየታሸበት ይሟሻል። ባትም እንዲሁ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል።

የባቱ ሰሌዳ ከአኻያ እንጨት ይሠራል። አኻያ በአገራችንም በወንዝ ዳር የሚበቅል ስለሆነ ስሙ እንግዳ አይደለም። ለባት የተመረጠው ዓይነት ግን በብዛት የሚተከለው በእንግሊዝ አገር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በኤሴክስና በሰፎክ አካባቢ ነው፤ ለመቆረጥም ከ15 እስከ 20 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በካሽሚርም የባት አኻያ አለ። የካሽሚሩ ጠንከርና ከበድ ያለ፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላ፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። የሕንዶቹ ሜሩትና ጃላንዳር፣ የፓኪስታኑ ሲያልኮት በባት ሥራ የታወቁ ከተሞች ናቸው። ባለሙያው የደረቀውን እንጨት በመላጊያና በሞረድ ቅርጽ ያወጣለታል። ራታን ከሚባል ሸምበቆ መሰል ተክል የተሠራውን እጀታ በሰሌዳው አናት ላይ በሽብልቅ ቅርጽ በተቆረጠው ቦታ አስገብቶ በኮላ ያጣብቀዋል፤ በክር ይጠመጥመዋል፤ ላስቲክም ያለብሰዋል። በሕጉ መሠረት ባት ከ96.5 ሳ.ሜ. በላይ መርዘም፣ ከ10.8 ሳ.ሜ. በላይም መስፋት አይችልም። አውስትራሊያዊው ዴኒስ ሊሊ በ1979 የአሉሚኒየም ባት ይዞ ሜዳ በመግባቱ ትልቅ ጭቅጭቅ ከተነሣ ወዲህ፣ ሰሌዳው እንጨት ብቻ እንዲሆን በሕግ ተደንግጓል።

ዋናው ነገር የሰሌዳው ፊት በከባድ ብረት የሚዳመጥበት ደረጃ ነው። አኻያ ለስላሳና ቀላል እንጨት ነው፤ ኳስ የሚያነጥረውም ይኸው ልስላሴው ነው። እንጨቱ ከመጠን በላይ ከተዳመጠ ባቱ ይጠነክራል፤ ማንጠሩ ግን ይጠፋል። በልኩ ከተዳመጠ ደግሞ ያነጥራል፤ ላዩ ግን ገና ለጋ ነው። የክሪኬት ኳስ ውስጡ ቡሽ፣ ላዩ ቆዳ፣ ወገቡ ላይ ስፌት ያለው፣ ከ156 እስከ 163 ግራም የሚመዝን ደረቅ ነገር ስለሆነ፣ በፍጥነት ተወርውሮ ለጋውን እንጨት ሲያገኘው ይሰረጉደዋል፤ ጠርዙን ሲያገኘው ይፈለጥጠዋል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ በልኩ ዳምጦ፣ የቀረውን ሥራ ለገዢው ይተውለታል። ሳትሠሩ የቀራችሁት ሥራ ካለ ባቱ ገና አላለቀም ማለት ነው።

ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት በምን ኳስ እንደምትጫወቱ ወስኑ። በኤሌክትሪክ ፕላስተር በተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ ከሆነ ውድ ባት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ደህና አናጺ ከቀላል እንጨት ጠርቦ ሊሠራላችሁ ይችላል፤ መሟሸትም አያስፈልገውም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በቆዳ ኳስ ለሚጫወቱ ነው።

በሱቅ ውስጥ በመጀመሪያ ልኩን እዩ። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ ባቱን ከእግሩ ጎን መሬት ሲያስነካው፣ የእጀታው ጫፍ ታፋው ከወገቡ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ማለፍ የለበትም። «ሲያድግ ይደርስበታል» ብሎ ትልቅ መግዛት ለጫማ ይሠራ ይሆናል፤ ለባት አይሠራም። ረዥም ወይም ከባድ ባት የያዘ ልጅ ኳሱ ካለፈው በኋላ ነው የሚመታው። ክብደቱን ለመፈተን እጀታውን ከላይ በሚይዘው እጁ ብቻ ይዞ ጥቂት ጊዜ ያወዛውዘው፤ አንጓው ከተጣመመ ሌላ ይፈለግ። የአዋቂ ባት ብዙውን ጊዜ ከ1.1 እስከ 1.3 ኪሎ ይመዝናል።

ቀጥሎ የሰሌዳውን ፊት ወደ ብርሃን አዙሩት። ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ መስመሮች ታያላችሁ፤ እያንዳንዱ መስመር ዛፉ ያደገበት አንድ ዓመት ነው። ከ6 እስከ 12 ያህል ቀጥ ያሉ መስመሮች ቢኖሩት መልካም ነው። መስመሩ የበዛ ባት ቶሎ ያነጥራል፤ ዕድሜው ግን ያጥራል። መስመሩ ያነሰ ዘግይቶ ይለመዳል፤ ቆይታው ግን ይረዝማል። ብዙ ልጆች ለሚፈራረቁበት የትምህርት ቤት ባት እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጠርዝ ላይ ያለ ቡናማ ቀለም አያሳስብም፤ ኳስ በብዛት በሚያርፍበት በታችኛው ፊት ላይ ያለ የቅርንጫፍ ቋጠሮ ግን ያሳስባል። እጀታው ሰሌዳው ውስጥ የገባበትን መጋጠሚያም በጥፍራችሁ ፈትሹ፤ ክፍተት ሊኖር አይገባም። በላዩ ላይ የተለጠፈው የታዋቂ ተጫዋች ስም ኳስ አይመታም።

ባቱ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ ዘይት መቀባት ነው። ዘይቱም የምናውቀው የተልባ ዘይት ነው፤ ጥሬው ማለት ነው፣ ለቀለም ሥራ የተፈላው አይደለም። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በንጹሕ ጨርቅ ተደርጎ ፊቱ፣ ጠርዞቹ፣ የታችኛው ጫፍና ጀርባው በስሱ ይታሻሉ። እጀታውና መጋጠሚያው ዘይት መንካት የለባቸውም፤ ኮላው ይላላል። ባቱ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ተጋድሞ አንድ ቀን ይደር። በማግስቱ ይደገማል፤ እንጨቱ አሁንም ደርቆ ከታየ አንድ ጊዜ ይጨመርለታል፤ ከዚያ በላይ አይቻልም። አንዳንድ ሰው «በዛ ባለ ይጠነክራል» ብሎ ባቱን ዘይት ውስጥ ይዘፈዝፋል። እንዲህ ያለው ባት ይከብዳል፤ ድምፁም ይሞታል። ፊቱ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ሽፋን የተለጠፈበት ከሆነ የሚቀባው ያልተሸፈነው ክፍል ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥት የሚፈልገው ሥራ ይመጣል። ለዚህ የሚሸጥ የእንጨት መዶሻ አለ፤ ከሌለ አሮጌ የክሪኬት ኳስ ካልሲ ውስጥ አስገብቶ አፉን አጥብቆ ማሰር ይበቃል። የሰሌዳው ፊት መጀመሪያ እንቁላል እንደሚነካ ያህል ቀስ ተብሎ፣ ቀን በቀን እየጠነከረ ይመታል። ጠርዞቹና የታችኛው ጫፍ ዳር ቀጥታ አይመቱም፤ መዶሻው በሰያፍ እየተንሸራተተ ሹል የነበረውን ዳር እንዲያድበለብለው ይደረጋል። አብዛኛው ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ ግማሹ ጊዜ ለዳሩ ቢውል አይበዛም። ጀርባው፣ መጋጠሚያውና መሬት የሚነካው የታችኛው ጫፍ ፈጽሞ አይመቱ።

ጠቅላላው ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በቀን ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ብትመቱ በ12 ቀን ይጠናቀቃል። ተራ ገብታችሁ የተሠራበትን ደቂቃ በደብተር ብትጽፉ «እኔ ብቻ ደከምኩ» የሚል ጭቅጭቅ አይነሣም። የመዶሻው ጩኸት ጎረቤት ያስቸግራልና በምሳ ዕረፍት ሰዓት አትምቱ፤ የታመመ ሰው ያለበትን ቤትም ራቁ። ድምፁን ግን አዳምጡ። በመጀመሪያው ቀን የታፈነ ነው፤ እንጨቱ ሲገራ እየጠራ ይሄዳል።

ባቱ መድረሱን የሚነግረን ኳስ ነው። አንድ ልጅ አሮጌ የቆዳ ኳስ በቀስታ ይወርውር፤ ሌላው በባቱ ይመልስ። ከጥቂት ምት በኋላ የስፌቱ ምልክት እንጨቱ ውስጥ ሰርጉዶ ከታየ ወደ መዶሻው መመለስ ነው። ካልታየ በአሮጌ ኳስ ለጥቂት ቀን ልምምድ አድርጉ። አዲስ ኳስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሙቀት ባለበት ካምፕ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ። ባት ቆርቆሮ ጣራ ሥር ተንጠልጥሎ ወይም ፀሐይ ላይ ተጥሎ ከዋለ እርጥበቱን አጥቶ ይሰባበራል። በዝናብ ጊዜ ጭቃ ላይ ከቆመ ከታች ጫፉ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ቢቀመጥ ይሻላል። ከተወሰነ ጨዋታ በኋላ ፊቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይወጣሉ፤ አትደንግጡ፣ የአኻያ ጠባይ ነው። በጣት የሚሰማ ስንጥቅ ግን የእንጨት ኮላ ገብቶበት፣ በክር ታስሮ ከደረቀ በኋላ በፕላስተር ይጠቀለል። ስንጥቁ ወደ እጀታው መጋጠሚያ የወጣ ከሆነ ባቱ በዚያ ቀን ጨዋታ አይግባ፤ ለስፖርት መምህሩ ይሰጥ።