ቀይ መቀነት የታጠቀ መጽሐፍ

እ.ኤ.አ. በ1919 ፓሪስ ውስጥ ሁለት መጻሕፍት ጎንኩር ለተባለው የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተፋጠጡ። አሥሩ ዳኞች ድምፅ ሲሰጡ ማርሴል ፕሩስት 6 ለ4 ሮላን ዶርዤሌስን አሸነፈ። የተሸናፊው አሳታሚ አልባን ሚሼል ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የዶርዤሌስን መጽሐፍ የወረቀት መቀነት አስታጠቀና በትልልቅ ፊደል «የጎንኩር ሽልማት» ብሎ ጻፈበት፤ ከሥሩ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ከ10 ድምፅ 4» የሚል አከለ። የፕሩስት አሳታሚ ጋሊማር ከስሶ ረታው። ብጣሽ ወረቀት ሰውን ፍርድ ቤት የምታቆመው ለምን ይመስላችኋል? መጽሐፉን የምትሸጠው እሷ ስለሆነች ነው!

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው የገንዘቡ መጠን ነው። ዛሬ የጎንኩር አሸናፊ የሚቀበለው ቼክ 10 ዩሮ ብቻ ነው፤ ባንክ ከመውሰድ ይልቅ በፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት አሉ። አሸናፊው በፈረንጆቹ ኖቬምበር ድሩዋን በተባለው የፓሪስ ምግብ ቤት ይታወጃል፤ መጽሐፉም ወዲያው ቀይ መቀነቱን ታጥቆ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ከዚያ ገና እስኪደርስ ፈረንሳዮች ስጦታ የሚገዙበት ወቅት ነው። ብዙ ጊዜ ሽያጩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠረው ለዚህ ነው። በ2021 ያሸነፈው ሴኔጋላዊው ሞሐመድ ምቡጋር ሳር ሥራውን ያሳተመው ፊሊፕ ሬ ከሚባል አነስተኛ የፓሪስ አሳታሚና ዳካር ከሚገኘው ጂምሳን ጋር ነበር። እንዲህ ያለ አሳታሚ በማስታወቂያ ብቻ ከትልልቆቹ እኩል መሰማት ይከብደዋል፤ በሽልማት ግን ይችላል።

የእንግሊዙ ቡከር ሽልማት ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው፤ ወሬውን ለወራት ያቆየዋል። መጀመሪያ 12 ወይም 13 መጻሕፍት ያሉበት ረጅም ዝርዝር፣ ቀጥሎ የ6ቱ ዕጩዎች ዝርዝር፣ በመጨረሻ አሸናፊው ይወጣል። በእያንዳንዱ ዙር ጋዜጣው ይጽፋል፣ መጻሕፍት ቤቱ መስኮቱን ያስጌጣል፣ አንባቢውም «የቱ ያሸንፍ ይሆን?» እያለ ይከራከራል። እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ ይህ ክርክር ነው፤ ስለ መጽሐፉ የሚያወራው ያነበበው ሰው ብቻ አይደለምና።

የእኛዋ መዓዛ መንግሥቴ ይህን መንገድ ሄዳበታለች። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ስለተዋጉ ሴቶች የጻፈችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» በ2020 ከስድስቱ የቡከር ዕጩዎች አንዱ ሆነ። 50,000 ፓውንዱን የወሰደው ዳግላስ ስቱዋርት ነው። ግን ዕጩ መሆንም ስም ነው፤ የመዓዛ መጽሐፍ ሽፋን ላይ የቡከር ዕጩነቱ ተጽፎ ይሸጣል። ዶርዤሌስ በአራት ድምፅ ሊያገኘው ያልቻለውን እሷ በሕጋዊ መንገድ አገኘችው።

መጽሐፍን የሚሸጠው ሽልማት ብቻ አይደለም፤ አውደ ርእይም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የመጻሕፍት አውደ ርእይ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው በቅናሽ የሚሸጥ መጽሐፍ ነው። በየዓመቱ ኦክቶበር የሚካሄደው የጀርመኑ የፍራንክፈርት አውደ ርእይ ግን ዋና ሸቀጡ መብት ነው፤ መጽሐፉን በሌላ ቋንቋ የማሳተም መብት። በ1949 በጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን 205 ጀርመናውያን አሳታሚዎች ዳግም ያስጀመሩት ይህ ገበያ ዛሬ ዓለምን ያሰባስባል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሙያው ሰዎች ናቸው። ለወኪሎች በተለየው አዳራሽ ትንንሽ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ አንድ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፤ ቀጠሮዎቹም የሚያዙት ከወራት በፊት ነው። የደራሲው ወኪል እንደ ሠርግ ሽማግሌ ነው፤ ልጁን ሳይሆን ወሬውን ይዞ ይሄዳል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ታሪኩን በጥቂት ዓረፍተ ነገር ይነግራል፣ አገር ቤት ምን ያህል እንደተሸጠ ይጠቅሳል፣ የትኛው ሽልማት ላይ ዕጩ እንደነበር ይጨምራል። አያችሁ? ሽልማቱና አውደ ርእዩ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። አማርኛ የማያነብ የጀርመን አዘጋጅ መጽሐፉን ራሱ ሊመዝነው ስለማይችል፣ ያነበቡት ዳኞች የሰጡት ቃል ትልቅ መተማመኛ ይሆነዋል።

ለዚህ ነው እንደ ሆሄ ያሉ የአገር ቤት ሽልማቶች ከምሽቱ ጭብጨባ አልፈው እንዲሄዱ የምመኘው። የአንድ ልብ ወለድ ሃያ ገጽ በጥሩ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ይመለስ፤ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ይጻፍለት፤ የትርጉም መብቱ በማን እጅ እንደሆነና አድራሻው በግልጽ ይቀመጥ። አገር ውስጥ ደግሞ የዕጩዎቹ ዝርዝር በተሰማ ማግሥት መጽሐፎቹ አዟሪው እጅ ላይ መገኘት አለባቸው። ማተሚያ ቤት ወረፋ የሚይዘው አሳታሚ፣ ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት ቢይዝ ይሻለዋል።