ተጨማሪ መረጃ፦ ባቡርን ለ87 ማካፈል

በዚህ ምዕራፍ የተማራችሁትን መስፈርት በትርፍ ጊዜያቸው በፍቅር የሚሠሩበት ሰዎች አሉ፤ ሞዴል ባቡር ሠሪዎች። ሞዴል ባቡር ማለት የእውነተኛው ባቡር ልክ በሙሉ ለአንድ ቁጥር ተካፍሎ የሚሠራ ትንሽ አምሳያ ነው። በዓለም ላይ በጣም የተለመደው መስፈርት 1፡87 ነው።

በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች ውስጠኛ ጠርዞች መካከል ያለው ርቀት የሐዲድ ስፋት ይባላል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር የሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ለ87 ስታካፍሉት 16.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ1፡87 የሚሠራው ሞዴል ሐዲድም ስፋቱ ይኸው ነው።

የድሮው ባቡራችንስ? እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ጠበብ ያለ፣ ልክ 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል። አምራቾች ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ባቡር የሚያዘጋጁት የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ኢምንት ትመስላለች። መልሳችሁ በ87 ስታባዟት ግን ወደ 44 ሚሊ ሜትር ታድጋለች! በእውነተኛ ሐዲድ ላይ ይህ ከባድ ስህተት ነው። የድሮውን ባቡር በትክክል መሥራት የሚፈልግ ሰው ሐዲዱን በገዛ እጁ ቢያበጅ ይሻለዋል።

ሞክሩት፦ የመማሪያ ክፍላችሁን ርዝመትና ስፋት ለኩ፤ ለ87 አካፍላችሁ በደብተራችሁ ላይ ሣሉት። 8 ሜትር የሚረዝም ክፍል 9.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።