ሁለት ብርጭቆ ውሃ

ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። አንዱ አዲስ አበባ በፈረቃ ከሚመጣ ቧንቧ ተቀድቶ ሮቶ ውስጥ የሰነበተ ነው። ሌላው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ ጉድጓድ የወጣ ነው። ሁለቱም ኩልል ያሉ ናቸው፤ ቀለምም ሽታም የላቸውም። ማጣሪያ ፍለጋ ገበያ የወጣ ሰው ለሁለቱ አንድ ዓይነት ዕቃ ከገዛ ግን፣ አንደኛው ቤተሰብ ገንዘቡን ከስሮ ያንኑ ውሃ መጠጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሻጩን «የትኛው ይሻላል?» ከማለት በፊት ራስን መጠየቅ ይገባል፦ ከውሃዬ ውስጥ ማውጣት የምፈልገው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ብርጭቆ ሥጋት ተዋሲያን ናቸው። ከለገዳዲም ሆነ ከገፈርሳ ግድብ ተጣርቶ የሚላክ ውሃ በመንገዱ እንዲጠብቀው ክሎሪን ይጨመርበታል። ውሃው ሲቋረጥ ግን ባዶ የቀረው ቧንቧ በስንጥቁ በኩል ከአካባቢው ቆሻሻ ሊስብ ይችላል። ሮቶ ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ክሎሪኑ እየደከመ ይሄዳል፣ ከታች ደለል ይከማቻል።

እዚህ ላይ የሴራሚክ ማጣሪያ ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል። የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ማይክሮን ይባላል። ጥራት ያለው ሴራሚክ ቀዳዳዎቹ ወደ 0.2 ማይክሮን ስለሚጠጉ አብዛኞቹን ባክቴሪያዎች፣ ጃርዲያንና አሜባንም ያስቀራል። ቫይረሶች ግን ከዚያም ያነሱ ስለሆኑ ሊያልፉ ይችላሉ። ለእነሱ ማፍላት ወይም ክሎሪን ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው፤ ባቄላ ለማብሰል ጊዜ የሚወስደውም ለዚህ ነው። ተዋሲያንን ለመግደል ግን ይህ ሙቀት ይበቃል፤ ለሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን የሚጠቀም ሰው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ ይጠብቅ። የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ስለሚጨርሰው አስቀድሞ ይጣራ። የአልትራቫዮሌት መብራትም ተዋሲያንን ያመክናል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሥራው ይቆማል።

በከሰል የሚሠራው የካርቦን ማጣሪያ የክሎሪንን ሽታና አንዳንድ ኬሚካሎችን ይይዛል፤ ጣዕም ያሳምራል። ተዋሲያንን ግን አይገድልም፤ ካርትሬጁ በጊዜው ካልተቀየረ እንዲያውም ይራቡበታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ብርጭቆ እንምጣ። እስካሁን ከጠቀስናቸው አንዱም አይረዳውም። ችግሩ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ሟሙቶ የገባ ፍሎራይድ ነው። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ፍሎራይድን አስሮ እንዲዘቅጥ ያደርጋል፤ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ካልሲየም ስለሚያንሰው ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በአካባቢው ይህን የሚያልፉ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። ውሃውን ማፍላት ነገሩን ያብሳል፤ እንፋሎቱ ይሄዳል፣ ፍሎራይዱ በቀረው ውሃ ውስጥ ይከማቻል። ጥርሳቸው ገና በሚሠራ ሕፃናት ላይ ጉዳቱ በጥርስ ቡናማነት ይታያል። ዓመታት ሲያልፉ አጥንትና መገጣጠሚያ ይደርቃል፤ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ለረጅም ዘመን ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ በጠጡ ሠራተኞች ላይ ሐኪሞች ይህንኑ አይተዋል።

ከመድኃኒቶቹ አንዱ ከዚያው ከአጥንት ይገኛል። የከብት አጥንት በልኩ ተቃጥሎና ተፈጭቶ ውሃ ሲያልፍበት ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀራል። የአጥንት ማዕድን ፍሎራይድን አጥብቆ ይይዛልና፤ እኛን የሚጎዳን ጠባይ እዚህ ላይ ይታደገናል። ይሁን እንጂ የአጥንት ከሰል ይጠግባል፤ መጥገቡን ምላስ ስለማይለየው በየጊዜው መመርመርና መቀየር አለበት። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያም ውሃውን በጣም ጠባብ በሆነ ስስ ሽፋን በግፊት እያሳለፈ ፍሎራይድን ያስወግዳል። ነገር ግን በቂ የውሃ ግፊት ይፈልጋል፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ለማግኘትም የቆዩት ዓይነቶች ሦስት አራት ሊትር ይደፋሉ። የሚደፋውን በባልዲ ተቀብሎ ለወለልና ለመጸዳጃ ማዋል ብልህነት ነው። ንጹሕ ጣሪያ ያለው ቤት ደግሞ የዝናብ ውሃ አጠራቅሞ፣ ተዋሲያኑን አክሞ፣ ለመጠጥና ለወጥ ቢለየው ከፍሎራይዱ ይገላገላል።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ውሃውን ላቦራቶሪ ማስመርመር ይቀድማል፤ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ሰው ፍሎራይዱን ሳይለካ ማጣሪያ አይግዛ። ሻጩንም እንጠይቅ፦ ይህ ዕቃ ምን ያስወግዳል? በምርመራ የተረጋገጠ ማስረጃ አለው? መለዋወጫው እዚህ ይገኛል? በስንት ወር ይቀየራል? ቤት ከገባ በኋላም ሮቶውን ማጠብ፣ የተጣራውን ውሃ ክዳንና ቧንቧ ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ ጣሳ እየነከሩ አለመቅዳት የማጣሪያው ግማሽ ሥራ ነው።

አበው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ። ያ ሁለተኛው ብርጭቆ ኩልል እንዳለ ነው፤ የሚጠጣው ልጅ ጥርስ ገና ድዱ ውስጥ እየተሠራ ነው። ለእሱ ስንል ዓይናችንን ሳይሆን ምርመራውን እንመን።